ሁለተኛው ብስኩት

እኔ ለሰው የመድኃኒት አወሳሰድ እየነገርኩ የምተዳደር ሴት ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ ቆሜ «ከምግብ በኋላ፣ በቀን ሁለቴ፤ አልተሻለኝም ብለህ በራስህ ጊዜ እንዳትጨምር» ስል ኖሬያለሁ። ክኒን ደራርቦ ውጦ ሆስፒታል የገባ ሰው ወሬ ሲደርሰኝ ምን እንደምል ባልደረቦቼ ያውቃሉ። «ማንበብ ያልቻለ እንኳ መስማት አያቅተውም!» እላለሁ። አፌ እንዲህ ነው፤ ለሰው ጥፋት ስለት አለው። ለራሴ ጥፋት እንዴት እንደዶለዶመ ነው አሁን የምናገረው።

ነገሩ የአባቴ ነው። አባባ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው፤ ተማሪዎቻቸው «ቀይ እስክሪብቶ» ይሏቸው ነበር። ባሌን ከፈታሁ ወዲህ የምኖረው ከሳቸው ጋር ነው። ካንሰሩ አጥንታቸው ውስጥ ሲገባ ሐኪሞቹ ስድስት ወር፣ ቢበዛ ሰባት አሉን። የታዘዘላቸው ሞርፊን ሕመሙን ቢያስታግስም ያስመልሳቸዋል፣ ያፈዛቸዋል፤ አንድ ቀን የገዛ ቤታቸውን ስልክ ቁጥር ጠፋባቸውና ከዚያ ወዲያ መጠኑን እንጨምር ሲባሉ አሻፈረኝ አሉ።

«እግሬ ይሂድ፣ ወገቤም ይሂድ» አሉ። «አእምሮዬን ግን እንደያዝኩ ነው የምሞተው።»

ከዚያ በኋላ ሥቃያቸውን በጥርሳቸው ይዘው መዋል ጀመሩ። አልጋቸው ውስጥ ሲገላበጡ የሚያወጧት አንዲት ድምፅ ነበረች፤ ጩኸትም አይደለች፣ ልቅሶም አይደለች። እሷን ድምፅ ከግድግዳው ማዶ እየሰማሁ መቀመጥ አቃተኝ። ይህን የምለው ሰበብ ልፈልግ አይደለም፤ እንዲያ ነበር ለማለት ነው።

ታናሽ ወንድሜ ሴራሚክ አንጣፊ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ አባባ ከጃኬቱ ኪስ ውስጥ የተጠቀለለ ጋንጃ አግኝተው ከቤት አባረሩት። እናታችን ቀደም ብላ ስላረፈች አማላጅ እንኳ አልነበረውም። እኔ ላማልደው እችል ነበር፤ «የእጁን ነው ያገኘው» ብዬ ዝም አልኩ። አሥራ ስምንት ዓመት አባትና ልጅ ሳይነጋገሩ ኖሩ። የአባባን መታመም የሰማ ጊዜ ግን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የዳማ ሰሌዳ በብብቱ ይዞ በር ላይ ቆመ። አባባ ግባም አላሉት፣ ሂድም አላሉት። ጠጠሮቹን መደርደር ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ስምንት ሰዓት ይመጣል፣ ሦስት ጨዋታ ይጫወታሉ፣ ስለ ዳማው እንጂ ስለ ሌላ ነገር አያወሩም። አባባ ግን ቅዳሜ ጠዋት ጢሜን ላጪኝ ይሉኝ ጀመር። የቀሯቸው ቅዳሜዎች ተቆጥረው የሚያልቁ እንደሆኑ ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

አንዲት ደንበኛዬ የእናቷን ሕመም በዚያው በጋንጃ ቅጠል እንዳቀለለችላት ሹክ ያለችኝ በዚህ መሀል ነው። ረቡዕ በምሳ ሰዓት ወንድሜ ወደሚሠራበት ሕንጻ ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ገና ያላለቀ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ዳቦ በሙዝ ይበላል።

«ያንን ነገር አሁንም ታጨሳለህ?» አልኩት።

«የቱን ነገር?»

«አውቀህ አትጃጃል።»

ሳቀ። «ጉልበቴን ሲያመኝ፣ አልፎ አልፎ። ምነው፣ ልታስባርሪኝ ነው? ሰው ከአንድ ቤት ሁለቴ አይባረርም።»

«ለአባባ ነው።»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ወረደ። የእጁን አቧራ ሱሪው ላይ ጠረገና እንደ አስተማሪ ያደርገው ጀመር፤ እርሳሱን አንስቶ ያልተነጠፈ ሴራሚክ ላይ መስመር ሳይቀር አሰመረልኝ።

«ጥሬውን ብታኝኪው ፍየል ትሆኛለሽ እንጂ ሌላ ምንም አትሆኚም፤ እሳት ካልነካው አይነቃም። እንደ ሻይ ብታፈዪው ደግሞ ሽታው ሰፈሩን ይሞላል፣ ጉልበቱ ግን አብዛኛው ቅጠሉ ላይ ይቀራል፤ እሱ የሚወደው ቅባት ነው። ስታጨሺው እንደ ጎረቤት ነው፤ ሳያንኳኳ ይገባል፣ ወሬውን አውርቶ ይሄዳል። ወዲያው ስለምታውቂው በቃኝ ማለት ትችያለሽ። ስትበዪው ግን እንደ አማት ነው። ቀረች ቀረች ስትዪ ቆይታ ሻንጣዋን ይዛ ትመጣለች፤ ከመጣች እስከ ነገ የሚያስወጣት የለም።»

«የአባባ ሳንባ ጭስ አይችልም።»

«እንግዲያው መብላት ነው። ስሚኝ፣ እህትዓለም። በጣም ትንሽ ስጪያቸው፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት፣ እንዲያውም ሦስት ሰዓት ጠብቂ። ምንም አልተሰማቸውም ብለሽ እንዳትደግሚ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ጓደኛዬ ቤት አንድ ቁራሽ ኬክ በልቼ፣ ምንም አላለኝም ብዬ ደገምኩ። ከዚያ ደረጃ ልወርድ ተነሳሁ። ሦስት ደረጃ ለመውረድ ስንት ጊዜ ፈጀብኝ መሰለሽ? ፀሐይ እስክትጠልቅ! እግሮቼ የሌላ ሰው መስለውኝ ባለቤታቸውን እየጠበቅኩ ነበር።»

እሱ ይስቃል፤ እኔ ተናድጃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁበትን ነገር አንድ አጫሽ ሙዝ እየበላ ሲያስተምረኝ!

«ለእኔ ነው ስለ አወሳሰድ የምትነግረኝ?» አልኩት።

ትንሽ ቀላ። «እሺ፣ ዶክተር» አለና ቅጠሉን ከጃኬቱ አውጥቶ በፌስታል ሰጠኝ። ከዚያ እጄን ያዘኝ። «አንድ ነገር ብቻ። ሳያውቁ እንዳትሰጪያቸው። ሳያውቅ ለበላ ሰው ይህ ነገር እብደት ነው የሚመስለው።»

«ነግሬያቸዋለሁ። እሺ ብለዋል።»

እንዲህ ነው ያልኩት፤ ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ ሳልንተባተብ።

«አባባ? እሺ አሉ?» ቀና ብሎ አየኝ። «ከእኔ እንደሆነ ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና በአቧራማ እጅጌው ዓይኑን ጠረገ። እኔም ያንን አይቼ፣ ፌስታሉን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ደረጃውን ወረድኩ።

ብስኩቶቹን በዝንጅብል ጋገርኳቸው፤ ዝንጅብል ያን ሽታ ይሸፍናል። ቅጠሉን በመድኃኒት ቤቱ ሚዛን መዝኜ በስምንት ብስኩት እኩል አካፈልኩት። ሚዛኑ ፍንክች አላለም፤ ስንት ይበቃል የሚለውን ግን ማንን እንደጠየቅኩ አትጠይቁኝ። ደንበኛዬ እናቷ ታጨሰው የነበረውን መጠን ነግራኝ ነበርና እሱን ወስጄ ለሚበላ ሰው አደረግኩት። የሚበላና የሚተነፈስ መድኃኒት መጠናቸው እንደማይገናኝ ተማሪ ሆኜ ተፈትኜበታለሁ። ዘጠና አራት ነበር ያመጣሁት።

ሐሙስ የዕረፍት ቀኔ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ፣ ከምሳ በኋላ፣ አንዱን ከወተት ጋር አቀረብኩላቸው።

«ምንድን ነው?» አሉ።

«የዝንጅብል ብስኩት። ለማቅለሽለሹ ጥሩ ነው።»

በሉና «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ።

አጠገባቸው ተቀምጬ ሰዓቴን አያለሁ። ግማሽ ሰዓት ምንም። አንድ ሰዓት ሞላ፤ ያቺ ድምፅ ከጥርሳቸው መሀል ወጣች። የሕመም ማስታገሻ ክኒን በአንድ ሰዓት ካልሠራ መጠኑ አንሷል ማለት ነው፤ እኔ የማውቀው ይህን ነው። የወንድሜ ቃል ትዝ አላለኝም ብል እዋሻለሁ። ትዝ ብሎኛል። እንዲያውም ለራሴ «አማት! ሻንጣ!» ብዬ ከንፈሬን አጣምሜያለሁ። ሁለተኛውን ብስኩት ሰጠኋቸው። ደስ ብሏቸው በሉ፤ ያን ሰሞን ምግብ በደስታ ሲበሉ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን የግድግዳውን ሰዓት እያዩ ፈገግ አሉ። ወገባቸውን ዘርግተው «አሁንስ ቀለል አለኝ» አሉኝ። ልቤ በደስታ ዘለለች። ሩብ ሰዓት እንዲህ ቆየን፤ አባቴ ያለ ሥቃይ የተቀመጡባት ሩብ ሰዓት። ከዚያ ሳቁ። ሳቃቸው አልቆም አለ። ቀጥሎ ሳቁ በመሀል ተቆረጠና እጃቸውን አፍጥጠው ያዩት ጀመር።

«ሰዓቱ ቆሟል» አሉ።

«አልቆመም፣ አባባ። ይሄው ይቆጥራል።»

«ቆሟል አልኩሽ! ልቤም ቆሟል! ጭንቅላቴ… ጭንቅላቴን ምን ሆንኩ? አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ፈሰሰ!»

ጮኹ። በሕይወታቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው ቤቱን አናጉት። የልብ ምታቸውን ብይዝ መቶ ሠላሳ ይመታል። እኔም ደነገጥኩ። ታች ቤት የሚኖረው ታክሲ ነጂ ጩኸቱን ሰምቶ በሩን በርግዶ ገባ፤ «ስትሮክ ነው፣ ስትሮክ ነው!» አለና እንደ ሕፃን አቅፎ አወረዳቸው። እዚያው ደረጃ ላይ አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ጫማዬን እያጠለቅኩ ተከተልኩት።

ድንገተኛ ክፍል የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ናት፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፣ እጇ ግን ፈጣን ነው።

«ዛሬ ምን ምን ወስደዋል?»

አንድ በአንድ ዘረዘርኩላት። ስሙን፣ ሚሊግራሙን፣ ሰዓቱን። ከደም ግፊቱ እስከ ሆድ ማለስለሻው አንድም አላስቀረሁም፤ ከአንዱ በቀር። ሐኪሟ እየጻፈች ቀና ብላ አየችኝና «ቤተሰብ ሁሉ እንደ እርስዎ ቢሆን ሥራችን በቀለለ» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። «አመሰግናለሁ» ነው ያልኩት።

ለምን እንዳልተናገርኩ ታውቃላችሁ። ለታማሚ ሳያውቅ ሕገ ወጥ ዕፅ ያበላች ፋርማሲስት ፈቃድ አይኖራትም። ግን ፈቃዱ ብቻ አልነበረም። ያቺ ልጅ ያን ሁሉ ካመሰገነችኝ በኋላ ፊቷ ሲለወጥ ማየት አልቻልኩም። ይህችን ለምታክል ነገር ነው አባቴን የሸጥኩት።

አባባ አልጋው ላይ ሆነው የክፍል ተማሪ ይቆጥራሉ። «ቁጥር አሥራ አምስት! ቁጥር አሥራ ስድስት! የት ነው ያለኸው?» ግሉኮስ የሚሰካላቸው ነርስ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው፣ መርፌውን ይዞ ቆመ። «ቁጥር አሥራ ሰባት!» ሲሉ በቀስታ «አለሁ፣ ቲቸር» አላቸው። ተማሪያቸው ኖሯል። በእሱው ፊት ሽንታቸው አመለጣቸው። እሱው ልብሳቸውን ለወጠላቸው። አባባ ደግሞ ያኔ ማልቀስ ጀመሩ።

«ልጄን በዝናብ አስወጣሁት» ይላሉ። «ጫማውን እስኪያስር እንኳ አልጠበቅኩትም። ክሩ ተፈትቶ ጭቃ ላይ ሲጎተት በመስኮት አየሁት። ልጥራው ብዬ አፌን ከፈትኩ። ከፈትኩና ዘጋሁት።»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። አባቴ ብቅል ቀምሰው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ እኔ ነኝ ሆዳቸውን በሰው ፊት የገለበጥኩት። ነርሱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያይ ነበር።

የጭንቅላት ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ሆኖ መጣ። ሐኪሟ ግራ ገባት። «የአንጎል ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ከጀርባቸው ፈሳሽ እንቀዳለን» አለችኝ። «አጥንታቸው የተጎዳ ስለሆነ ያማቸዋል። ግን ምርጫ የለንም።» ነርሱ ቀና ብሎ አየኝ፤ የፈቃድ ወረቀቱ ላይ ፈርሚ ተባልኩ። ፈረምኩ።

ፈረምኩ ነው የምላችሁ።

ኮሪደር ላይ ወጥቼ ለወንድሜ ደወልኩ። «የተበላ ከሆነ ስንት ሰዓት ነው የሚቆየው?» አልኩት።

ከኋላው ሴራሚክ የሚቆርጠው ማሽን ይጮኻል። «ደገምሽላቸው?» አለኝ። መልስ ሳይጠብቅ «የት ናችሁ?» አለ፤ ነገርኩት። «አሁኑኑ ለሐኪሙ ንገሪ። ትሰሚኛለሽ? አሁኑኑ።»

«እሺ» አልኩ። ስልኩን ዘግቼ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ግድግዳው ላይ ስለ እጅ መታጠብ የተጻፈ ማስታወቂያ ነበር፤ ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት።

ወንድሜ በሃያ ደቂቃ ደረሰ፤ የሥራ ቱታው እንዳለ፣ ጉልበቱ ነጭ አቧራ ለብሶ። ፊቴን አየና «አልነገርሻቸውም» አለ። ጥያቄ አልነበረም። በመጋረጃው ቀዳዳ ሐኪሟና ነርሱ ይታያሉ፤ አባባን በጎናቸው አስተኝተው፣ ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው አጥፈው ይዘዋቸዋል። «ምን አደረጋችሁኝ?» እያሉ ይጮኻሉ። ወንድሜ ሰማ። ወደ እኔ ዞረ።

«እሺ ብለዋል አላልሽኝም?»



እጁን ያነሳብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢያነሳ ይሻለኝ ነበር። መጋረጃውን ገልጦ ገባ። «ዶክተር፣ መርፌውን ያቁሙት» አለ። «ጋንጃ ነው የበሉት። ሁለት ብስኩት። እኔ ነኝ ሳያውቁ የሰጠኋቸው።»

ሐኪሟ መርፌውን አስቀመጠች። ጓንቷን እያወለቀች ወጥታ ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ቱታውን፣ አቧራውን። ለማመን አልተቸገረችም። «አንድ ደቂቃ ዘግይተህ ቢሆን የታመመ ሽማግሌ አከርካሪ ልወጋ ነበር» አለችው። «ገዛ አባትህን! አታፍርም?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«አታውቅም» አለ ወንድሜ።

እኔ አንገቴን ደፋሁ። የደፋ አንገት ምንም ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሟ እንደ ሐዘን ወሰደችውና ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው እንዲህ ነው፤ ዳዋው ደግሞ ወንድሜ።

ወደ ደረጃው ስንወጣ «ለምን?» አልኩት።

«አንቺን ፈቃድሽን ይነጥቁሻል። ሴራሚክ ማንጠፍ ፈቃድ አይጠይቅም።» ከቱታው ላይ አቧራውን አራገፈና «ለእኔ ደግሞ አዲስ አይደለም» አለ። «ለምጄዋለሁ።»

«እሺ» አልኩት። አመሰግናለሁ እንኳ አላልኩም፤ አላስቻለኝም። እሺ ብቻ።

በማግሥቱ ጠዋት አባባ ራሳቸውን አወቁ። ምን እንደሆኑ ሁሉ ትዝ ይላቸው ነበር፤ ይህ ቅጠል እንደ አረቄ አያስረሳም። ሽንቱንም፣ ነርሱንም፣ ለቅሶውንም ያውቃሉ። ወንድሜ አልጋው ግርጌ ቆሞ «ብስኩቱን ጋግሬ የላክሁት እኔ ነኝ፣ አባባ፤ ምን እንዳለበት እሷ አታውቅም። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላቸው። አላዩትም። «ውጣ» አሉት፤ ወጣ።

ቤት ገባን። በመጀመሪያው ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ደወሉ ጮኸ። «አታስገቢው» አሉኝ። በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ። ወንድሜ ብርቱካን የሞላ ፌስታል ይዟል፤ ዳማው በብብቱ ነው።

«ተኝተዋል» አልኩት።

ከውስጥ የአባባ ሳል ተሰማ። «እንቅልፋቸው ሲያስል ሰማሁት» አለና ፈገግ አለ። ብርቱካኑን ሰጥቶኝ ወረደ። በሁለተኛው ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ፤ ያኔ ፈገግታው አልነበረም። እኔ በየቀኑ ነገ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ በየቀኑ ይከሳሉ። አባቴ ከእንግዲህ ከኔ እጅ በቀር ከማንም እጅ አልቀምስም ብለው ነበርና ክኒናቸውን እየተቀበሉ ሳያዩት ይውጣሉ። አፋቸውን ከፍተው ሲጠብቁኝ ማየት እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ ብል ቃል የለኝም። ክኒኑን ምላሳቸው ላይ አድርጌ ቶሎ ፊቴን አዞር ነበር፤ እሳቸው ድካም መስሏቸው «አላሳረፍኩሽም» ይሉኝ ነበር።

በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ «አንቺ አጫውቺኝ» አሉኝ። ዳማ አልችልም፤ በጠርሙስ ክዳን ደረደርን። እየተጫወቱ ድንገት አወሩ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ። ያን ልጅ ያባረርኩበት ቀን አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲከነክነኝ ኖሯል። ተሳስቻለሁ እያልኩ። የሰው ወረቀት አላግባብ እንዳረምኩ ዓይነት ነበር።» ክዳኗን ገፋ አደረጓት። «አሁን አረፍኩ። ልክ ነበርኩ። ሰው አይለወጥም። ይህን አውቄ መሞቴ ደግ ነው።»

አየሽ? አልኩ በልቤ። ውሸትሽ እንኳ ለሳቸው ማስታገሻ ሆነላቸው። ዝም በያቸው፣ የቀራቸው ጥቂት ነው፣ አርፈው ይሙቱ። ይህን ሰበብ እንዴት እንደወደድኩት! እንዲህ ያለ የሚያምር ሰበብ አግኝቼ አላውቅም። በዚህ መሀል ደወሉ ጮኸ።

«ያው ነው» አሉ አባባ። «ተኝተዋል በይው።»

ተነሳሁ። በሩ ጋ ደረስኩ። እጄን እጀታው ላይ አድርጌ ቆምኩ፤ ከማዶ የወንድሜ እስትንፋስ ይሰማኛል፣ አምስት ፎቅ በጉልበቱ ሕመም ወጥቶ። ሳልከፍት ተመለስኩና አልጋው አጠገብ ተንበረከክኩ።

«አባባ፣ ብስኩቱን የጋገርኩት እኔ ነኝ። ያበላሁዎትም እኔ ነኝ። እሱ አያውቅም፤ እርስዎ እሺ ብለዋል ብዬ ዋሽቼ ነው የተቀበልኩት።»

አልተቆጡም። ፈተና እንደሚያርሙ ሆነው ጠየቁኝ።

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ሰባት ሰዓት። ከዚያ ስምንት ሰዓት።»

«እንዳትደግሚ ብሎሽ ነበር?»

«ብሎኝ ነበር።»

«ያቺ ሐኪም ጀርባዬን ልትወጋ ስትል ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ፈርሜያለሁ።»

«መጀመሪያ ስትሰጪኝ ምንድን ነው ብዬሽ ነበር። ምን አልሽኝ?»

«የዝንጅብል ብስኩት።»

«እኔስ ምን አልኩሽ?»

ዓይኔን የጠርሙስ ክዳኖቹ ላይ ተከልኩ። ጠበቁኝ። ተማሪያቸውን እንደዚህ ይጠብቁ ነበር ይባላል፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ።

«እጅሽ ይባረክ አሉኝ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደወሉ ሁለተኛ አልጮኸም፤ ሄደ ብዬ ፈራሁ።

«ክፈችለት» አሉ።

ወንድሜ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር። ገባ። አባባ አላቀፉትም፤ ይቅርታም በአፋቸው አልወጣም፤ እንደዚያ ያለ አባት አይደሉም። «እዚህ ቁጭ በል» አሉት፣ የኔን ወንበር እያሳዩት። ፊታቸው ግን ወድቆ ነበር። ልክ ነበርኩ ብለው ካረፉ ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላቸውም ነበር።

ስምንት ሰዓት ደግሞ የክኒናቸው ሰዓት ነው። እንደ ልማዴ ሁለቱን ክኒን መዳፌ ላይ አድርጌ ውሃውን ይዤ ቀረብኩ። አፋቸውን አልከፈቱም።

«ለሱ ስጪው» አሉ። «ማሸጊያውንም ስጪው። አንተ፣ ምን እንደሚል አንብብልኝ።»

ወንድሜ ማሸጊያውን ተቀበለ። ትምህርቱን ካቋረጠ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የመድኃኒት ስም ደግሞ ለተማረም ምላስ ያሰናክላል። እያላበው፣ ፊደል በፊደል ማንበብ ጀመረ፤ መሀሉ ላይ ተሳሳተ። ላርመው አፌን ስከፍት አባባ ጣታቸውን አነሱ።

«አንቺን አልጠየቅኩም» አሉ። «እሱ ያንብብ።»

አነበበ። እስከ መጨረሻው፣ መጠኑን፣ የሚያበቃበትን ቀን፣ ከሕፃናት ያርቁ የሚለውን ሳይቀር። ከዚያ በዚያ በሲሚንቶ በተሰነጣጠቀ ጣቱ ክኒኑን ምላሳቸው ላይ አስቀመጠላቸው።

ከዚያ በኋላ አባባ ሰባ አንድ ቀን ኖሩ። ወንድሜ ጠዋት ከሥራ በፊት፣ ከዚያ በምሳ ሰዓት፣ ከዚያ ማታ ይመጣ ነበር። ሌላውን ሁሉ እንደ ዱሮው አወሩኝ፤ አመመኝ፣ መስኮቱን ዝጊ፣ ራዲዮኑን ክፈቺ። መድኃኒት ግን እኔ፣ ፋርማሲስቷ ልጃቸው፣ አንዲት ፍሬ አልሰጠኋቸውም። ወንድሜ ሲያነብ እኔ አጠገቡ ቆሜ ውሃውን እይዝ ነበር።